ጋኑ ስንት ሊትር ነው? ግንዱስ ስንት ኩብ?

በዚህ እትም ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎች ስለ ልክ ናቸው። የማር ጀሪካን አለበት፣ የጠላ ጋን አለበት፣ የባሕር ዛፍ ግንድና የፍልጥ ክምርም አለበት። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንበል። ጋን፣ በርሜል፣ ሸክም የዕቃና የጭነት ስሞች ናቸው፤ ልክ የሚሆኑት አንድ ጊዜ በሊትር ከተሰፈሩ በኋላ ነው። እንጨቱንም በሊትር ስናወራ አይግረማችሁ። 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ ውስጡ ውሃ ይኑር ጣውላ ቁጥሩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ገበያ ማር እሸጣለሁ። ማሩ የሚመጣልኝ ከአርማጭሆ በ20 ሊትር ጀሪካን ነው። አንዳንዱ ደንበኛ «ጀሪካኑ 20 ኪሎ ነው» ይላል፣ አቅራቢዬ ደግሞ 28 ኪሎ አስቦ ያስከፍለኛል። ማንኛችን ነን የተሳሳትነው?

መልስ፦ አቅራቢዎ ትክክል ናቸው። ኪሎና ሊትር እኩል የሚሆኑት ለውሃ ነው። በደንብ የበሰለ፣ እርጥበቱ 18 በመቶ ገደማ የሆነ ማር አንድ ሊትሩ 1.42 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 20 ሊትር 28.4 ኪሎ ይሆናል፤ 20 ኪሎ ማር ግን 14 ሊትር ያህል ብቻ ነው። በኪሎ ዋጋ ገዝተው «ጀሪካኑ 20 ኪሎ ነው» ለሚል ደንበኛ ከሸጡ፣ በእያንዳንዱ ጀሪካን ከ8 ኪሎ በላይ በነጻ ሰጡ ማለት ነው።

ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውንም ቁጥር ዝም ብለው አይመኑት። ባዶውን ከነክዳኑ ይመዝኑ፣ እስከ አፉ ውሃ ሞልተው እንደገና ይመዝኑ፤ ልዩነቱ በኪሎ ሲነበብ የጀሪካኑ ትክክለኛ ሊትር ነው። «20 ሊትር» የተባለው ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ብዙ ጊዜ 21 ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። 21 ሊትር ማር ደግሞ 29.8 ኪሎ ነው። የተገኘውን ቁጥር በማይለቅ ቀለም ጀሪካኑ ላይ ይጻፉት፤ ሁለተኛ አይለኩትም። ውሃው ጠብታ ሳይቀር ደርቆ ካልወጣ ግን ማር አይጨምሩበት።

ሒሳቡን የሚያበላሹ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሰፈፍና አረፋ ነው። ሰም ከውሃ እንኳ ይቀላል፣ አረፋ ደግሞ አየር ነው፤ ስለዚህ ያልተጣራ ማር በሊትር አይሸጥም፣ በኪሎ ብቻ። ሁለተኛው ብርድ ነው። በጠዋት የቀዘቀዘ ማር ሲገለበጥ ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጀሪካኑን ከገለበጡ በኋላም መዝነው ይቀንሱ። ሦስተኛው ውሃ ነው፣ እሱ ደግሞ በሚዛን አይያዝም። በ19 ሊትር ጥሩ ማር ላይ 1 ሊትር ውሃ ቢጨመር 20ው ሊትር 28 ኪሎ ይመዝናል፤ የጎደለው 400 ግራም ብቻ ስለሆነ የገበያ ሚዛን ላያሳየው ይችላል። እርጥበቱ ግን ከ18 ወደ 21 በመቶ ይዘላል፣ እንዲህ ያለው ማር ሲቆይ መፍላት ይጀምራል። ይህን የሚለየው የማር እርጥበት መለኪያ፣ ሪፍራክቶሜትር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ነው።

ለሌሎች ዕቃዎች፣ 20 ሊትር የምግብ ዘይት 18.4 ኪሎ ገደማ ነው፤ የቀለጠ ቅቤ 18.2፣ ወተት 20.6፣ ነጭ ጋዝ 16፣ ናፍጣ 16.8፣ ቤንዚን 14.8 ኪሎ አካባቢ።

ጥያቄ፦ ቀለም በጋሎን ገዛሁ። ጋሎን ስንት ሊትር ነው?

መልስ፦ የአሜሪካኑ 3.785፣ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር ነው። ገበያ ላይ «ጋሎን» የሚባለው ጣሳ ግን ከሁለቱም ሊያንስ ይችላል። ጣሳው ላይ በሊትር ወይም በኪሎ የታተመውን ያንብቡ፤ በኪሎ ከሆነ ደግሞ ቀለም ከውሃ እንደሚከብድ ይወቁ፣ 4 ኪሎ ቀለም 4 ሊትር አይሞላም።

ጥያቄ፦ አዘዞ አካባቢ ባሕር ዛፍ አለኝ። ነጋዴው የግንዱን ዙሪያ በሲባጎ ይለካና ሲባጎውን ለአራት ያጥፈዋል፤ የአንዱን እጥፍ ርዝመት በራሱ አባዝቶ በግንዱ ርዝመት ያባዛል። ልጄ በትምህርት ቤት ቀመር ሲያሰላው የበለጠ ይወጣል። እየተታለልኩ ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፣ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነውና።

ነጋዴው የሚሠራበት ስሌት ከእሱ የመነጨ አይደለም። እንግሊዞች ሆፐስ በሚባል ሰንጠረዥ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ግንድ ሲገዙበት ኖረዋል። ስሌቱ ክቡን ግንድ እንደ አራት ማዕዘን ይቆጥረዋል። በቁጥር እንየው። ዙሪያው 120 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንድ ይኑርዎት። በነጋዴው መንገድ 120 ለአራት ሲታጠፍ 30 ነው፤ 0.30 በ0.30 በ4 ሲባዛ 0.36 ኩብ። በልጅዎ መንገድ ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ በ12.57 ሲካፈል 0.1146 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ በ4 ሲባዛ 0.458 ኩብ። የእንጨቱ ትክክለኛ መጠን ሁለተኛው ነው። የነጋዴው ስሌት ሁልጊዜ ከእውነተኛው 78.5 በመቶውን ብቻ ያሳያል፤ ግንዱ ቀጭንም ይሁን ወፍራም ጉድለቱ 21.5 በመቶ ነው።

ይህ ብቻውን ማታለል አይደለም። ግንድ ሲሰነጠቅ የጎኑ ቅርፊትና ልጣጭ ስለሚጣል ገዢው ያንን አስቀድሞ መቀነሱ ነው። ማታለል የሚሆነው ዋጋው በእውነተኛ ኩብ ተነግሮ ልኩ በእጥፍ ሲባጎ ሲወሰድ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት «በየትኛው ኩብ?» ብለው ይጠይቁ። ከነጋዴው ኩብ ወደ እውነተኛው ለመሄድ በ1.273 ያባዙ፤ ለመመለስ በ0.785። ለምሳሌ በነጋዴው ኩብ 5,000 ብር ቢሰጥዎት፣ በእውነተኛው ኩብ 3,927 ብር መሆኑ ነው። ሌላ ነጋዴ መጥቶ በእውነተኛ ኩብ 4,200 ብር ካለ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፣ ምንም እንኳ ቁጥሩ ያነሰ ቢመስልም።

ሜዳ ላይ ስልክ ሳያወጡ ለማስላት፣ ዙሪያውን በሜትር በራሱ ያባዙት፣ በ0.08 ያባዙት፣ በርዝመቱ ያባዙት። ከላይ ላለው ግንድ 1.44 በ0.08 በ4፣ 0.46 ይሆናል። ስህተቱ ከአንድ በመቶ በታች ነው።

አሁን ወደ ሲባጎው። ከየትኛው ቦታ ላይ ነው የተጠመጠመው? ግንድ ከግርጌው ወፍሮ ወደ ጫፉ ይቀጥናል። ግርጌው 140፣ ጫፉ 100 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ባለ 4 ሜትር ግንድ በወገቡ 120 ነው። በግርጌው ቢለካ 0.624 ኩብ ይወጣል፤ ሻጩ ይደሰታል። በጫፉ ቢለካ 0.318 ነው፤ ገዢው ይደሰታል። እውነቱ 0.463 ሲሆን በወገብ የተለካው 0.458 ከእሱ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ርዝመቱን ለሁለት ከፍለው መካከሉ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ሲባጎው እዚያ ይጠምጠም። ምልክቱ ላይ ጉጥ ካለ ከጉጡ በላይና በታች እኩል ርቀት ለክተው አማካዩን ይያዙ።

ቅርፊትም አለ። ቅርፊቱ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ሲላጥ ዙሪያው በ6.3 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ የእኛ 0.458 ኩብ ወደ 0.41 ይወርዳል፣ አንድ አስረኛው ሄደ ማለት ነው። ከነቅርፊቱ ነው ወይስ ተልጦ የሚለካው የሚለውን ከዋጋው ጋር አብረው ይነጋገሩ። የመጨረሻው ነገር ሲባጎው ራሱ ነው። የናይለን ሲባጎ ይለጠጣል፣ ጠበቅ አድርጎ የሳበና ላላ አድርጎ የያዘ ሰው አንድ ግንድ ላይ የተለያየ ቁጥር ያወጣሉ። ዙሪያ ላይ የተሠራ 3 በመቶ ስህተት ኩቡ ላይ 6 በመቶ ይሆናል፣ በራሱ ስለሚባዛ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል።

ጥያቄ፦ አናጢ ነኝ። 4 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሳንቲ ስፋት፣ 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ 40 ፍሬ አንድ ኩብ ይሆናል ተብዬ ገዛሁ። ሥራው ላይ ሲደርስ አነሰኝ። ስሌቱ ስህተት ነው?

መልስ፦ ስሌቱ ትክክል ነው። 4 በ0.25 በ0.025 ሲባዛ 0.025 ኩብ፣ ማለትም 25 ሊትር ነው፤ 40ው 1,000 ሊትር ይሞላል። ስፋቱ 20 ከሆነ 50 ጣውላ፣ 30 ከሆነ 33 ጣውላና አንድ ሦስተኛ። ሞራሌ ባለ 5 በ7 በ4 ሜትር 14 ሊትር ነው፣ በኩብ 71 ይገባል፤ ባለ 4 በ5 ደግሞ 8 ሊትር፣ በኩብ 125።

የጎደለው ከስሌቱ ሳይሆን ከጣውላው ነው። «2.5» የተባለው ውፍረት 2.2 ሆኖ፣ ርዝመቱም 3.90 ከሆነ አንዱ ጣውላ 21.45 ሊትር ነው፤ 40ው 0.858 ኩብ። ከሚገዙት ክምር ውስጥ ከላይ ሳይሆን ከመካከል አሥር ጣውላ አውጥተው እያንዳንዱን በሁለቱ ጫፍና በወገቡ በካሊፐር ይለኩ። መጋዙ ልል ከሆነ ጣውላው አንድ ጫፉ ወፍሮ ሌላው ይሳሳል፤ ሲላግ የሚወስነው የሳሳው ነው። በእያንዳንዱ ፊት 2 ሚሊ ሜትር ቢላግ 25 ሚሊ ሜትሩ 21 ይቀራል፣ 16 በመቶው መላጊያ ሥር ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ በስፋቱ አንድ አስረኛ ገደማ ሊቀንስ ይችላል፣ ከመጠማዘዙና ከመሰንጠቁ ጋር።

ግንድ ገዝተው መሰንጠቂያ ቤት የሚወስዱ ከሆነ ሌላ ሒሳብ አለ። ከላይ ያየነው ግንድ ጫፉ 100 ሳንቲ ዙሪያ ስለሆነ ሙሉ ርዝመቱን የሚሄድ አራት ማዕዘን ጎኑ 22.5 ሳንቲ ሜትር ነው። መጋዙ በእያንዳንዱ መንገዱ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። 2.5 ላይ 0.4 ሲጨመር 2.9 ነው፤ ከ22.5 የሚወጣው 7 ጣውላ ብቻ ነው፣ ዘጠኝ አይደለም። ሰባቱ 0.158 ኩብ ናቸው፤ ከግንዱ 34 በመቶ። ግንዱ ከጫፍ እስከ ግርጌ እኩል ቢሆን ኖሮ ጎኑ 27 ሆኖ 9 ጣውላ፣ 53 በመቶ ይወጣ ነበር። ከጎኑ የሚገኘው ጠባብ ጣውላ ይህን ያሻሽለዋል። ቢሆንም ቀጥ ያለ ቀጭን ግንድ፣ ሾጣጣ ከሆነ ወፍራም ግንድ የተሻለ ጣውላ ሊሰጥ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ቆርጦ ማሳጠርም ይረዳል። ባለ 2 ሜትር ጣውላ ለሚበቃው ሥራ ግንዱን መጀመሪያ ለሁለት ያስቆርጡት፤ የግርጌው ግማሽ በራሱ ስፋት ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ለሠርግ 300 ሰው ጠርተናል። ጠላው በጋን ነው የሚጠመቀው። ስንት ጋን ይበቃል?

መልስ፦ ጋን ሸክላ ሠሪዋ ያወጣችውን ያህል ይይዛል፤ ሁለት ጋኖች ጎን ለጎን ቆመው በ20 ሊትር ሊለያዩ ይችላሉ። የራስዎን ይስፈሩ። ደረቅ ሸክላ ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፣ ይድፉት፣ ከዚያ ልኩ በታወቀ ዕቃ 10 ሊትር እያሉ ይጨምሩ። በየ10 ሊትሩ ቀጥ ያለ ዘንግ መካከሉ ላይ እስከ ታች አግብተው ውሃው የደረሰበትን በቢላ ምልክት ያድርጉ። የጋን ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ምልክቶቹ እኩል አይራራቁም፤ ሆዱ ላይ ይቀራረባሉ፣ ወደ አንገቱ ይራራቃሉ። ሙሉውን ርዝመት ለስምንት እኩል የከፈለ ዘንግ ዋጋ የለውም። ልኬቱን ጋኑ በወይራ ሳይታጠን በፊት ይጨርሱ፤ ከታጠነ በኋላ ውሃ ከገባበት ጭሱ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሰዉ። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ 3 ዴሲ ሊትር ብርጭቆ ቢጠጣ 0.9 ሊትር፣ 300 ሰው 270 ሊትር። ጋንዎ ሲሰፈር 80 ሊትር ቢወጣና ሩቡን ድፍድፉ ቢይዘው የሚቀዳው 60 ሊትር ነው፤ 270 ለ60 አራት ተኩል፣ ስለዚህ አምስት ጋን። ሩብ ያልነው ለምሳሌ ነው። ድፍድፉ የወፈረ ከሆነ አተላው ሲበዛ የሚቀዳው ያንሳል። የመጀመሪያው ጋን ሲጠል ጥሩውን በጀሪካን እየሰፈሩ ያውጡና ለሌሎቹ በዚያ ያስቡ።

ጥያቄ፦ ውሃ ሲጠፋ በቦቴ እንገዛለን። 8,000 ሊትር ነው ይባላል፣ እንዴት ላረጋግጥ? ደግሞስ ዜና ላይ የሚባለው «በርሜል ነዳጅ» ግቢያችን ያለው በርሜል ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ አይደለም። በዓለም ገበያ አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ 42 የአሜሪካ ጋሎን፣ ማለትም 159 ሊትር ነው። ግቢ ውስጥ ያለው የብረት በርሜል 55 የአሜሪካ ጋሎን ተብሎ የተሠራ፣ 208 ሊትር ገደማ ነው፤ እኛ 200 ሊትር እንለዋለን። የውስጡ ስፋት 57 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ቆሞ እያለ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 2.55 ሊትር ነው። ዘንግ አግብተው እርጥቡን ለክተው በ2.55 ያባዙ። ናፍጣ የሚያስቀምጡ ከሆነ በጠዋቱ ብርድ እስከ አፉ አይሙሉት፤ ከ12 ወደ 27 ዲግሪ ሲሞቅ 200 ሊትር ናፍጣ በ2.5 ሊትር ይጨምራል፣ ከፈሰሰ ደግሞ የእርስዎ ኪሳራ ነው።

ቦቴው የተጋደመ ነው፣ ስለዚህ በውስጡ ያለው ከፍታና መጠን አብረው አይሄዱም። ግማሽ ከፍታ ግማሽ ውሃ ነው። ሩብ ከፍታ ግን 19.6 በመቶ ብቻ ነው፤ ሦስት ሩብ ከፍታ 80.4 በመቶ። ከታች አንድ አስረኛ ከፍታ ላይ ያለው 5.2 በመቶ ብቻ ነው። «ትንሽ ነው የጎደለው፣ አንድ አስረኛ» የሚል ሾፌር ከላይ ሲያሳይዎት እውነቱን ነው፣ የጎደለው 5.2 በመቶ ነው፤ ከ8,000 ውስጥ 416 ሊትር። ቦቴው ሞላላ ቢሆንም እነዚህ ቁጥሮች ይሠራሉ፣ ጫፎቹ ጠፍጣፋ እስከሆኑ ድረስ።

ከዚያ ይልቅ የሚቀለው ተቀባዩን መለካት ነው። ሮቶዎን ዙሪያውን በሜትር ይለኩ። ዙሪያው 5 ሜትር ከ3 ሳንቲ ከሆነ ስፋቱ 1.60 ሜትር ነው፣ ያኔ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 20 ሊትር ያህል ነው፤ አንድ ጀሪካን። ቦቴው ከመቅዳቱ በፊትና በኋላ ዘንግ አግብተው የጨመረውን ሳንቲ ሜትር በ20 ያባዙ። የሮቶው ጎን ሸንተረር ካለው ዙሪያውን በሸንተረሩ ላይም በጎድጓዳውም ለክተው መካከሉን ይያዙ። ጣሪያው የሚጠብበትን የላይኛውን ክፍል አይቁጠሩ። ዙሪያው ሌላ ከሆነ በግንዱ ቀመር ይሂዱ፤ ዙሪያ በሜትር፣ በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.08፣ የወጣው በ10 ሲባዛ የአንድ ሳንቲ ሜትር ሊትር ነው።

ጥያቄ፦ ፍልጥ በክምር እገዛለሁ፤ ሻጩ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ በሁለት ክንድ ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ ክንድ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክምሩ 1 ሜትር ኩብ ነው። የሻጩ ክንድ 46 ከሆነ ግን 0.78 ኩብ ብቻ ነው። አራት ሳንቲ ሜትር ሦስት ጊዜ ስለተባዛች አንድ አምስተኛውን በላች። በክንድ መግዛት ካልቀረ የራስዎን ክንድ ይዘው ይሂዱ።

ክምር ደግሞ አየር አለበት። በሥርዓት የተደረደረ ፍልጥ 65 በመቶው ያህል እንጨት ነው፤ እንዲሁ የተወረወረ ከሆነ ከግማሽም ሊያንስ ይችላል። አንድ ኩብ የተደረደረ ደረቅ ባሕር ዛፍ 520 ኪሎ ገደማ፣ ያው ክምር እርጥብ ሲሆን 715 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ትርፉ ውሃ ነው። ስለዚህ እርጥብ ፍልጥ በክምር፣ ደረቅ ፍልጥ በኪሎ መግዛት ለገዢ ይጠቅማል። የአህያ ጭነት ወደ ክምር ለመለወጥ ሦስት ጭነት መዝነው አማካዩን ይውሰዱ፤ 60 ኪሎ እርጥብ ቢወጣ 55 ሊትር ያህል እንጨት ነው፣ ሲደረደር 84 ሊትር ቦታ ይይዛል፣ 12 ጭነት አንድ ኩብ ይሞላል።

ጥያቄ፦ በድሮ መጽሐፍ ላይ አርደብ የሚባለው የእህል መስፈሪያ በጎንደር 10 ማድጋ ነው የሚል አየሁ። ማድጋ ያን ያህል ትልቅ ሆኖ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ስሙ አሳስቶዎታል። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በታተሙ የንግድ ሰንጠረዦች ላይ ያለው «ማድጋ» የእህል መስፈሪያ ነው፣ 0.44 ሊትር ብቻ፤ ዛሬ ውሃ የምንቀዳበት ሸክላ አይደለም። በዚያ ስሌት የጎንደር አርደብ 10 ማድጋ፣ 4.4 ሊትር ይሆናል። የምጽዋው አርደብ ግን 24 ማድጋ ነበር፣ 10.6 ሊትር ገደማ። ከምጽዋ በአርደብ የተዋዋለ ነጋዴ ጎንደር ሲደርስ በአርደብ ቢያስረክብ፣ የትኛው አርደብ እንደሆነ ካልተጻፈ ጭቅጭቁ አይቀርም ነበር። በእነዚሁ ሰንጠረዦች ላይ ለፈሳሽ የተጻፈው «ኩባ» 62 የእንግሊዝ ኩብ ኢንች፣ 1.016 ሊትር ነው፤ ከሊትር ብዙም አይርቅም።

ጥያቄ፦ ጠማማ የወይራ ጉማጅ በኩብ ልሸጥ ፈልጌ ሜትር አልይዘው አለ። መላ አላችሁ?

መልስ፦ በርሜል አለ። ቀጥ አድርገው አቁመው ግማሹን ውሃ ይሙሉ፣ የውሃውን ከፍታ ይለኩ፣ ጉማጁን ያስገቡና ሙሉ በሙሉ እስኪሰምጥ በቀጭን ብረት ይጫኑት፣ እንደገና ይለኩ። የጨመረው ሳንቲ ሜትር በ2.55 ሲባዛ የእንጨቱ ሊትር ነው። 14 ሳንቲ ከጨመረ 35.7 ሊትር፣ ማለትም 0.0357 ኩብ። እርጥብ ወይራ ሳይጫኑትም ሊሰምጥ ይችላል። ደረቁ ግን ሲቆይ ውሃ ስለሚመጥ ቶሎ አንብበው ያውጡት፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባው አየርም አረፋ ሆኖ እስኪወጣ አንዴ ያንቀጥቅጡት። የሚጫኑበት ብረት ወፍራም ከሆነ እሱም ውሃውን ከፍ ያደርጋል፤ ብረቱን ብቻውን እስከዚያው ድረስ አጥልቀው የሚጨምረውን ይቀንሱ። ጉማጁ ከበርሜሉ ከረዘመ መጀመሪያ አንዱን ጫፍ እስከ ምልክት፣ ቀጥሎ ገልብጠው ሌላውን ጫፍ እስከዚያው ምልክት አጥልቀው ሁለቱን ይደምሩ።